ለማን ያልታወቀ? የአንድ ዘጋቢ ፊልም ሁለት ሕይወት

ዳንግላ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 አንድ እንግሊዛዊ ቆንስል ነበር፤ ሜጀር ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን። መንግሥቱ የላከው የሱዳንን ድንበር እንዲከታተል፣ ንግዱንና የባሪያ ፍንገላውን እንዲመዘግብ፣ የጣናንም ነገር ከቅርብ እንዲያይ ነው። የሰውየው ልብ ግን ወፍና ካርታ ላይ ነበር። ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ በቅሎ አስጭኖ የዓባይን ዳር ይዞ መውረድ ይቀናዋል። በካርታ ላይ በነጥብ ብቻ ይታይ የነበረውን የወንዙን ጉዞ እየለካ ሞላው፣ የጣናን ዙሪያና ደሴቶቿን ተዘዋውሮ ጻፈ፣ ሥራውንም እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ከዚያ አስቀድሞ ስለ ዓረብ ምድር የጻፈው መጽሐፍ ርእሱ ላይ «ያልታወቀችው» የሚል ቃል ነበረበት።

ይህ ቃል በአገው ምድር የቆየ ታሪክ አለው። ከእንጅባራ በስተምሥራቅ፣ ሰከላ ውስጥ ያለችውን የግሽ ዓባይን ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ አያት፤ በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ ደረሰባትና ቀዳሚው እኔ ነኝ አለ። ሁለቱም ሲደርሱ ምንጩ ዳር ሰው ነበር። አገዎቹ ከብታቸውን ያጠጡበታል፣ ይሳሉበታል፣ ይፈሩታልም። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀው ለማን ነው? ለለንደን፣ ለሊዝበን፣ ለፓሪስ ነው። ቺዝማን ከብሩስ ይልቅ ጨዋ ጸሐፊ ነው፤ መንገድ ያሳዩትን አይረሳም። ይሁንና ቃሉ አብሮት ተጉዟል።

ነገሬን ከዳንግላ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ እንግሊዛዊ ነው፤ ስሙ ጆናታን ዲምብልቢ፣ ሥራው የቴሌቪዥን ዘጋቢነትና አቅራቢነት። ሃምሳ ዓመት በሚጠጋ የሥራ ዘመኑ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ በኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስሙን የጣለው ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ አንድ ፊልም ነው። የፊልሙ ርእስ «ያልታወቀው ረሃብ» ይላል።

ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1944 ተወለደ። አባቱ ሪቻርድ ዲምብልቢ በእንግሊዝ ምድር ድምፁን የማያውቀው ሰው አልነበረም። ሚያዝያ 1945 ላይ የቤልሰንን የናዚ ማጎሪያ ገብቶ ያየውን ለቢቢሲ ያስተላለፈው እሱ ነው፤ በኋላም የንግሥት ኤልሳቤጥን የዘውድ በዓልና የቸርችልን ቀብር ለሕዝብ ያደረሰው ያው ድምፅ ነበር። ሪቻርድ በታኅሣሥ 1965 ሲሞት ጆናታን ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዴቪድም እዚያው ሙያ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ልጅ ማይክራፎን የሚይዘው በውርስ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ልጁ ግን አስቀድሞ ያጠናው ግብርና ነው። ሳይረንሴስተር በሚገኘው የንጉሣዊ ግብርና ኮሌጅ የእርሻ አስተዳደር ተማረ፤ ፍልስፍናን ለንደን ላይ ያጠናው ከዚያ በኋላ ነው። በጎልማሳነቱም የተፈጥሮ እርሻ አራማጅ የሆነውን «ሶይል አሶሲዬሽን» የተባለ ማኅበር ለዓመታት በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ይህን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ወሎ ላይ የሞተው አራሽ ነበር፤ ካሜራ ይዞ የደረሰውም እርሻን ከመጽሐፍ ያወቀ ሰው ነበር።

የሙያ ጉዞውን ብሪስቶል ባለው የቢቢሲ ጣቢያ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ራዲዮ ዜና፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1972 «ዚስ ዊክ» ወደ ተባለው የቴምስ ቴሌቪዥን ሳምንታዊ ዝግጅት ገባ። ቴምስ ከቢቢሲ ውጭ ባለው የአይቲቪ መረብ ሥር የሚሠራ የንግድ ኩባንያ ነው። ዝግጅቱ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ አንድ ጉዳይ ብቻ ያነሳ ነበር። በዚህ ዝግጅት ስም ነበር ዲምብልቢ ወደ ወሎ የመጣው፤ ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የ1964 ዓ.ም. ክረምት በወሎ ቆላማ አካባቢዎች ቀድሞ ወጣ፤ የተከተለው በልግም ጠፋ። ዝናብ መጥፋቱ ግን ብቻውን ሰው አይገድልም። በጭሰኝነት የሚያርሰው ገበሬ ያለውን ጥቂት እህል ለባለ መሬቱ ይከፍላል፤ በሬውን በርካሽ ይሸጣል፤ ቀጥሎ የሚሸጠው የለውም። በአዋሽ ሸለቆ የአፋር አርብቶ አደር የክፉ ቀን ግጦሹን ለጥጥ እርሻ ተነጥቆ ነበር። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው መጽሐፉ ይህንኑ የወሎን ጉዳይ መርምሮ ያሳየው ነገር ሰውን አስገርሟል። በዚያ ዓመት የመላ ሀገሪቱ የምግብ ምርት የቀነሰው 7 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ደሴ ላይም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። እህል ጠፍቶ አልነበረም፤ የጠፋው መግዣ ነው። እዚህ ጎጃም፣ ደጋው አገው ምድር ላይ ገብስም ስንዴም ጤፍም ነበረ። ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ያቀና አንድ መኪና እህል ደሴ ቢደርስ እንኳ የሚገዛው አቅም ያለው ሰው አያገኝም ማለት ነው።

ነገሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም። የተራበው ራሱ ያውቃል፤ ከሁሉ አስቀድሞ። በ1965 ዓ.ም. አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ገበሬዎች ወደ አዲስ አበባ ተመው በፖሊስ እንዲመለሱ መደረጉ በጥናቶች ተመዝግቧል። የአውራ ጎዳናው ዳር በረኀብተኛ ሲሞላ በመኪና የሚያልፈው ነጋዴም ሹምም ያየው ነገር ነው። በዚያው ዓመት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹ ግቢው ውስጥ ታዩ፤ ተማሪው ተነሣ፤ ለተራበው ሕዝብ መዋጮ ተሰበሰበ። የረድኤት ድርጅቶችም ሪፖርት ነበራቸው። መንግሥት ግን ጉዳዩ ጎልቶ እንዲወጣ አልፈለገም፤ የሀገርን ስም ያጎድፋል ተብሎ ተድበሰበሰ። ታዲያ «ያልታወቀው» የሚለው ርእስ ለእንግሊዝ ተመልካች ትክክል ነው፣ ለወሎ ሰው ግን ቀልድ ነው። ዲምብልቢን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ፊልሙ የተሠራው ለእንግሊዞች ነው፤ ርእሱም ለእነሱ ነው። ጥፋቱ የእኛ የታሪክ ጸሐፊዎች ነው፤ ርእሱን ተውሰን እንደ ማስረጃ የምንጠቅሰው እኛ ነን።

ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1973) ሐሙስ ማታ በእንግሊዝ አገር ተላለፈ። የዓለም ዐይን በዚያ ሳምንት ሌላ ቦታ ነበር፤ በእስራኤል፣ በግብፅና በሶርያ መካከል ጦርነቱ እየነደደ ነው። በዚያ መሐል ይህ ፊልም የእንግሊዝን ሰው ከወንበሩ አስነሣው። ያዩት ሰዎች በኋላ አዘውትረው የሚያነሱት የአቅራቢውን ቁጥብነት ነው። ካሜራው በመጠለያው መካከል ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ቃሉ ጥቂት ነው፤ ድምፁ አይጮኽም። ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ነው። በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት ማኅበር ለዲምብልቢ ሽልማት ሰጠው። ሽልማቱ የተሰየመው በአባቱ ስም ነው።

አንድ ነገር ግን መዝገቡ ሳይድበሰበስ መናገር አለበት። ፊልሙ ሲታይ የወሎ ረሃብ ከፍተኛው ወቅት አልፎ ነበር። በአውራ ጎዳናው ላይ በተከፈቱት መጠለያዎች የሕዝቡ ቁጥር ጣሪያ የነካው በክረምቱ ማብቂያ፣ በነሐሴ ግድም ነው። የውጭው እርዳታ በብዛት የደረሰው ሟቹ ከሞተ በኋላ ነው። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው፤ ከ40,000 እስከ 80,000 ብለው የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ፣ 200,000 ያደረሱትም አሉ። ትልቁ ቁጥር በአደባባይ የቀረው ደርግ ስለሚወደው ጭምር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከፊልሙ በኋላ፣ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነው።

የፊልሙ የመጀመሪያ ሕይወት ይህ ነው፤ ከለንደን የተነሣ፣ ገንዘብ ያሰባሰበ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ጥቂት ሰው ብቻ በወሬ የሰማው። ሁለተኛው ሕይወቱ የጀመረው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ የተሠራው በዲምብልቢ እጅ አይደለም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ ቶምሰን በተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ። የሚታየው ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ያኔ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው ዳንግላ ዜና የምትሰማው በራዲዮ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ማታ፣ ሕዝቡ ቴሌቪዥን እንዲመለከት በራዲዮ ተነገረ። የታየው የዲምብልቢ ፊልም ነው፤ ግን የዲምብልቢ ፊልም አይደለም። ደርግ ቆርጦ ቀጥሎታል። በወሎ ሬሳዎች መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስ ገባ፤ የሠርግ ኬክ፣ ሻምፓኝ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ገባ። ርእሱም «የተደበቀው ረሃብ» ሆነ። ንጉሡ ራሳቸው ተቀምጠው እንዲመለከቱት እንደ ታዘዙ በሰፊው ተጽፏል። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ከኢዮቤልዮ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ።

በሁለቱ ርእሶች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይሏል። «ያልታወቀ» ማለት ማንም አልነገረኝም ማለት ነው። «የተደበቀ» ማለት ግን የደበቀ አለ ማለት ነው፤ ደባቂ ካለ ደግሞ ተጠያቂ አለ። በፍርድ ቤት ቋንቋ ሁለተኛው ርእስ ክስ ነው። ደርግ ካሜራ ባይኖረውም መቀስ ነበረው፤ በመቀሱ ከእንግሊዛዊ ዘጋቢ ምስል የኢትዮጵያን የክስ ማመልከቻ ሠራ። ይህን ስል ክሱ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። ረሃቡ ተደብቆ ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመሩት መርማሪ ኮሚሽን የባለ ሥልጣናትን ተጠያቂነት መመርመር የያዘው ደርግ ፊልሙን ከማሳየቱ በፊት ነው። ልዩነቱ ኮሚሽኑ ሰነድና ምስክር ይዞ በሕግ መንገድ ሲሄድ ደርግ አንድ ምሽት ውስጥ ፈረደ።

አንዳንድ ጽሑፎች ደግሞ ዲምብልቢ ንጉሡን ጣለ እስከ ማለት ይደርሳሉ። ለአንድ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው፤ እውነትነቱ ግን ትንሽ ነው። የየካቲቱ ማዕበል ሲነሣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ፊልሙን አላየም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ ያመፀው ወታደር የጠየቀው የራሱን ምግብና ውሃ ነው። በየካቲት አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ነጂው ሥራ ያቆመው በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሰበብ የነዳጅ ዋጋ ስለ ናረ ነው። መምህሩ የራሱ ጥያቄ ነበረው። አስመራ ላይ ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተነሣ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ወደቀ። ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 21 ቀን ነው። መስከረም ላይ ዙፋኑ ቀድሞውኑ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ፊልሙ ዙፋኑን አልገለበጠም። የሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ለዘመናት የተቀባውን ሰው ለማንሣት እጁ የሚንቀጠቀጥበትን ሕዝብ ልብ አደነደነ። ደርግም ይህን አውቆ ነው በዋዜማው ያሳየው።

ለመሆኑ የዘጋቢ ሥራ የጦር መሣሪያ ሲሆን የመጀመሪያው ነውን? ወደ ጎጃም ልመለስ። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ ለለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ የዘገበው ጆርጅ ስቲር ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ አሁን የብሪታንያ ጦር የፕሮፓጋንዳ መኮንን ሆኖ። በአማርኛ የተዘጋጀችው «ባንዲራችን» የተባለች ወረቀት ከካርቱም ወደ ጎጃም ትመጣ ነበር። በዚያው ጊዜ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ ከሱዳን ገብቶ ፋግታ ላይ፣ ዛሬ ፋግታ ለኮማ በምንለው ምድር፣ ከአርበኞች ጋር ሰፍሯል፤ የቀድሞው የዳንግላ ቆንስል ቺዝማንም ካርቱም ሆኖ የኢትዮጵያን የመረጃ ክፍል ይመራል። ጣሊያን በየካቲት 1933 ዓ.ም. ዳንግላን ለቅቆ ወጣ፤ ለመውጣቱ የወረቀቷ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመመዘን አይቻልም፣ አንባቢ ግን ነበራት። ስቲር ብዕሩን ለጦርነት የሰጠው ራሱ ወዶ ነው። ዲምብልቢን ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ፊልሙ ብቻውን ዘመተ።

ዲምብልቢ ከአብዮቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመላልሷል፤ ፊልሙ የዋለበትን ነገርም ከዓመታት በኋላ በጋዜጣ ጽሑፍ ተመልሶበታል። ቀሪ ሕይወቱን በአጭሩ ማለፍ እችላለሁ፤ ሀብታም ነው፣ የእኛ ግን አይደለም። እስከ እ.ኤ.አ. 1978 «ዚስ ዊክ» ላይ ቆየ። በ1975 የአባቱን የሕይወት ታሪክ ጻፈ፤ በ1979 ከፎቶግራፍ አንሺው ዶን መኩሊን ጋር ስለ ፍልስጥኤማውያን መጽሐፍ አወጣ። ስለ ኑክሌር ጦር መሣሪያና ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ተከታታይ ፊልሞች ሠራ። ከ1988 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በቢቢሲ የእሑድ የፖለቲካ ዝግጅት መርቷል። በ1994 ከልዑል ቻርልስ ጋር ያደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ፣ ልዑሉ የትዳሩን ነገር በአደባባይ የተናዘዘበት፣ መላ እንግሊዝን አነጋገረ፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ የሀገሩ ሰው ሲያስበው የሚያስበው በዚህ ነው። በ1997 የሆንግ ኮንግን የመጨረሻ የእንግሊዝ ገዥ ተከትሎ ታሪኩን ጻፈ። የቢቢሲ ራዲዮን «ኤኒ ኩዌስችንስ» የጥያቄና መልስ መድረክ ከ1987 እስከ 2019 ያለ መታከት መራ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት። በስተርጅናው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ሆኗል፤ ስለ ኤል አላሜይን፣ ስለ አትላንቲክ ውጊያና ስለ ባርባሮሳ ዘመቻ ያወጣቸው መጻሕፍት ጠንካሮች ናቸው። በ2010 በአፍሪካ ውስጥ በተዘዋወረበት የቢቢሲ ፊልም እንደገና ኢትዮጵያን አሳየ፤ ዓላማውም አፍሪካ ረሃብና ጦርነት ብቻ እንዳልሆነች ማሳየት ነበር። ይህን ሳይ ትንሽ ፈገግ እላለሁ። የእኛ ስም በእንግሊዝ ሳሎን ውስጥ ከረሃብ ጋር ሲጣበቅ ሙጫውን ካቀረቡት አንዱ እሱ ነበርና።

ሙጫውን ያደረቀው ግን ሌላ ሰው ነው።

ማይክል በርክ እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለደ፤ ከ1983 ጀምሮ የቢቢሲ ዘጋቢ ሆኖ ጆሃንስበርግ ተቀመጠ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984) ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያመጣው ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነው። ዘገባው በመላው ዓለም ከአራት መቶ በላይ በሚሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ። ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ በገና ሰሞን የወጣው የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ዘፈን፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ታላቁ ኮንሰርት። በርክ ከደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ተባረረ፤ ከዚያ የቢቢሲን ዋና የማታ ዜና አነበበ። አሚን ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሞተ።

የ«ያልታወቀ» ነገር እዚህም ይመለሳል። ከበርክ ዘገባ ሦስት ወር ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1984፣ ቻርልስ ስቱዋርት የተባለ የእንግሊዝ ፊልም ሠሪ ከኮረም የቀረጸውን አሳይቶ ነበር። በርክ ራሱ በዚያው ወር ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሄዶ ለእርዳታ ጥሪ የሚሆን ዘገባ አምጥቷል። ፒተር ጊልም ለቴምስ ቴሌቪዥን፣ ለዲምብልቢ የቀድሞ ቤት፣ ኮረምን ቀርጾ ነበር፤ የእሱ ፊልም ከበርክ ዘገባ በሁለት ቀን ዘግይቶ ስለ ታየ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በቴሌቪዥን ዓለም ሁለት ቀን ይህን ያህል ያራርቃል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ነበር። የዚህ ኮሚሽን መወለድ ራሱ የ1966ቱ ረሃብ ውጤት ነው።

ደርግ በ1967 የደበቀን ከሰሰ፤ በ1977 እሱም ደበቀ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበር ነበር፤ ኢሠፓ ይመሠረታል፤ አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ ተሸልማለች። ለበዓሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም መታየት ጀመረ። ጋዜጠኞች እንደገና ወደ ሰሜን እንዲሄዱ የተፈቀደው ከበዓሉ በኋላ ነው። የቀለም ቴሌቪዥን ሰልፉን ሲያሳይ ኮረም ላይ በየሌሊቱ ሰው ይቀዘቅዝ ነበር። ለዚህ ግን እንደ 1967ቱ መቀስ የያዘ አልተገኘም፤ ድግሱንና ሬሳውን በአንድ ሪል ላይ የሚቀጥል ወታደር በሥልጣን ላይ ያለው ራሱ ስለ ሆነ።

የአዊ ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው ካሜራዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ያኔ ዛሬ አዊ የምንለው ዞን አልነበረም፤ አገው ምድርና መተከል በጎጃም ሥር ሁለት አውራጃዎች ነበሩ፣ የመተከል ከተማም ቻግኒ ነበረች። ከኮረም ዘገባ በኋላ ደርግ ከሰሜኑና ከሌሎችም የተጎዱ አካባቢዎች 600,000 ያህል ሰው አንሥቶ በምዕራቡ ቆላ አሰፈረ። ከዚህ ውስጥ ከ80,000 በላይ የሚሆነው ወደ መተከል፣ ወደ በለስ ሸለቆ ወረደ፤ ፓዌ ማለት ይህ ነው። ከወሎ የመጣው ብዙ ነው፤ ከከምባታና ሀዲያም መጥቷል። ደጋ ለለመደ አካል ወባው ከባድ ነበር። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዞች ያረሱበት፣ ያደኑበት፣ ማር የቆረጡበት ምድር ነው፤ ስለ እነሱ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። የኢጣሊያ መንግሥት ገንዘብ ሰጠ፤ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የጣና በለስን ፕሮጀክት ሠራ፤ መንገድ ተጠረገ፣ ትራክተር ገባ። የፈረንሳይ ሐኪሞች ማኅበር ሰፈራው በግዴታ ነው ብሎ ስለ ተናገረ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከሀገር ተባረረ።

ስለ ሰፈራው የውጭ ጋዜጠኛ አልጻፈም አይባልም፤ ጽፏል፣ ተከራክሯል። ነገር ግን ፓዌ ኮረምን የሚያህል ምስል የላትም። በኮረም ሜዳ ላይ በጭጋግ መሐል የታየው ፊት በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ በመተከል ቆላ በወባ የወደቀው ግን ለዓለም እንደ ወትሮው ያልታወቀ ሆኖ ቀረ። ለቻግኒ ነጋዴ፣ ለዚገም ገበሬ፣ ለጉሙዙ ግን ያልታወቀ አልነበረም። በገበያ ተገናኝተዋል፣ ተጣልተዋል፣ ተጋብተዋል፣ በርበሬና ሰሊጥ ተለዋውጠዋል።

ዛሬ እንጅባራ ላይ፣ ኮሶበር በሚለው ስሟ ጭምር የምትታወቀው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አስፋልት ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዳንግላን ይዞ ወደ ሰሜን ይቀጥላል፤ ሌላው በቻግኒ በኩል ወደ በለስ ይወርዳል። በዚህኛው መንገድ ፓዌ ለሚደርስ ሰው የሰፈራ መንደሮቹ ስም ግር ሊለው ይችላል። ሰፋሪዎቹ ሲደርሱ ለመንደሮቹ ስም አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ተሰጣቸው። አገሩ ዛሬም የሚጠራቸው በቁጥር ነው፤ ሰው ከየት ነህ ሲባል መንደር ሰባት፣ መንደር አሥራ አራት ይላል።